በላ
«ገንዘብ ያዡ በላ» ሲባል ማንም እንጀራ አይታየውም። ቃሉ የቆየ ነው፤ የሸዋው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ እናት ወይዘሮ ዘነበወርቅ ሰላ ድንጋይ ተቀምጠው ሲያስተዳድሩ ሹም ደመወዝ አልነበረውም፤ በጉልት የተሰጠውን መሬት ግብር ይበላ ነበር፣ ያውም በሕግ። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ተረትም የዚያው ሥርዓት ልጅ ነው። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሆነ፤ ቃሉ ግን ቢሮ ገብቶ ቀረ።

አሜሪካዊው የወንጀል ተመራማሪ ዶናልድ ክሬሲ በእምነት ማጉደል የታሰሩትን አነጋግሮ በ1953 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት ወደዚህ የሚያደርሱ ሦስት ነገሮችን ለይቷል፦ ለሰው የማይነገር ችግር፣ ምቹ አጋጣሚና ለራስ የሚሰጥ ሰበብ። የልጁ ሕክምና ያስጨነቀው፣ ለሰው መናገር ግን ያፈረ ገንዘብ ያዥ፣ ካዝናውን ድንገት የሚቆጥርበት ከሌለ፣ «ደመወዝ ሲወጣ እተካዋለሁ» ብሎ ያነሳል። ለእኔ ከሦስቱ የሚከፋው ሰበቡ ነው፤ «በላ» የሚለው ቃል ደግሞ ሰበቡን አዘጋጅቶ ይሰጠዋል። ሕጉ ግን የገንዘብ ያዡን ድርጊት «መውሰድና መሰወር» ይለዋል።