የተቋማትን የውኃና የኤሌክትሪክ ፍጆታ የመመዝገብ ሥራ ታሪካዊ አመጣጥ

መግቢያ

አንድ ከተማ ወይም አንድ ትምህርት ቤት የውኃ ወይም የኤሌክትሪክ እጥረት ሲያጋጥመው በቅድሚያ የሚነሣው ጥያቄ «ከየት ይምጣ?» የሚል ነው። ሆኖም ከዚያ በፊት ሊመለስ የሚገባው ሌላ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም «እስከ አሁን ምን ያህል፣ በየትኛው ሰዓት፣ ለምን ተግባር ሲውል ቆየ?» የሚለው ነው። ለዚህ መልስ የሌለው ዕቅድ አውጪ በችግር ቀን የሚያከፋፍለው በግምት ነው። የግምት ክፍፍል ጉዳት ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሚያርፈው አቤት ለማለት አቅም በሌለው ወገን ላይ ነው። ይህ ጽሑፍ መዝገብ የችግር መቋቋሚያ መሣሪያ ሆኖ ያገለገለባቸውን ጥቂት የታሪክ ምሳሌዎች ይመለከታል።

የሮም የውኃ መዝገብ

እ.ኤ.አ. በ97 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ኔርቫ ፍሮንቲኑስ የተባለውን ሹም የሮም ከተማ ውኃ ኃላፊ አድርጎ ሾመው። በዚያን ጊዜ ለከተማዪቱ ውኃ የሚያደርሱ 9 ቦዮች ነበሩ። ፍሮንቲኑስ ሥራውን የጀመረው አዲስ ቦይ በማስቆፈር ሳይሆን የነበሩትን በመመርመርና መዝገቡን በማገላበጥ ነው። ውኃው የሚለካው ኩዊናሪያ በሚባል፣ የቧንቧን አፍ ስፋት መሠረት ባደረገ መስፈሪያ ነበር። በመዝገቡ መሠረት ወደ ቦዮቹ የሚገባው 12,755 ኩዊናሪያ ሲሆን የሚከፋፈለው ግን 14,018 ነበር። ከገቢው ይልቅ ወጪው በ1,263 መብለጡ መዝገቡ እንደማይታመን በግልጽ አሳየ። ፍሮንቲኑስ በየምንጩ ሄዶ ሲያስለካ ደግሞ በመዝገቡ ከሰፈረው ወደ 10,000 ኩዊናሪያ የሚጠጋ ብልጫ አገኘ። ከጠፋው ውኃ ከፊሉ ከመንገድ ሥር በተቀበሩ ድብቅ ቧንቧዎች ይሰረቅ ነበር።

የልኬቱ ጉድለት ሊዘነጋ አይገባም። ፍሮንቲኑስ የውኃው ፍጥነት መጠኑን እንደሚለውጥ ቢረዳም፣ ፍጥነትን የሚለካበት መሣሪያ አልነበረውም። ቢሆንም ያልተሟላው ልኬት ሌብነትን ለማጋለጥና ለዕቅድ በቂ ነበር። አብዛኞቹ የሕዝብ ውኃ መቅጃዎች ከሁለት የተለያዩ ቦዮች እንዲያገኙ ተደረገ፤ አንዱ ቢቋረጥ ሌላው እንዲተካ። ጥገናም በአንድ ጊዜ በአንድ ቦይ ላይ ብቻ እንዲካሄድ ተወሰነ።

ከምንጭ ልኬት ወደ ተጠቃሚ ልኬት

እ.ኤ.አ. በ861 ዓ.ም. በካይሮ፣ በሮዳ ደሴት ላይ የተሠራው የአባይ መለኪያ ዓምድ ሌላው ታላቅ ምሳሌ ነው። በአብዛኛው ከኢትዮጵያ ደጋማ አገር የሚወርደው የክረምት ጎርፍ ወደ 16 ክንድ ሲደርስ ዓመቱ የጥጋብ እንደሚሆን ይታመን ነበር፤ ግብርም ይህንኑ ተከትሎ ይወሰን ነበር። ዓምዱ የመጣውን ውኃ እንጂ እያንዳንዱ ተጠቃሚ የወሰደውን አይናገርም። ይህንን ጉድለት የሞላው በየሕንፃው በር የሚተከለው ቆጣሪ ነው።

የቆጣሪ መዝገብ ጥቅም በጃፓን በግልጽ ታይቷል። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2011 በደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥና የባሕር ማዕበል ብዙ የኃይል ማመንጫዎች ሥራ አቆሙ። በዚያው ዓመት በጋ በቶኪዮና በቶሆኩ አካባቢ 500 ኪሎ ዋትና ከዚያ በላይ ውል ያላቸው ትላልቅ ተጠቃሚዎች ከፍተኛ ፍጆታቸውን በ15 በመቶ እንዲቀንሱ በሕግ ታዘዙ። የቅነሳው መነሻ ያለፈው ዓመት በጋ የተመዘገበው ከፍተኛ ፍጆታ ነበር። ያለፈው ዓመት መዝገብ ባይኖር ኖሮ የ15 በመቶው ትእዛዝ የሚሰላበት መነሻ አይገኝም ነበር።

የኬፕ ታውን ትምህርት ቤቶች

ለመምህራን ይበልጥ የሚቀርበው ምሳሌ የደቡብ አፍሪካዋ ኬፕ ታውን ነው። ከተማዪቱ ከ2015 እስከ 2017 እ.ኤ.አ. ተከታታይ ድርቅ ደረሰባት። ከየካቲት 2018 ጀምሮ አንድ ሰው በቀን ከ50 ሊትር በላይ እንዳይጠቀም ተወሰነ፤ የቤት ቧንቧ የሚዘጋበት ቀንም «ዜሮ ቀን» ተብሎ ይጠበቅ ጀመር። በዚህ ወቅት የስቴለንቦሽ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በትምህርት ቤቶች ፍጆታን በየጊዜው የሚያስተላልፉ ቆጣሪዎች እንዲተከሉ አደረጉ። ቆጣሪው ያጋለጠው ዋና ነገር የሌሊት ፍጆታ ነው። ተማሪም መምህርም በሌለበት ሰዓት ውኃ መፍሰሱ የተበላሸ ቧንቧ ወይም መጸዳጃ ቤት መኖሩን ያመለክታልና። ብዙው ብልሽት በቀላል ጥገና የሚስተካከል ነበር። ከዚህም ሌላ መረጃው ለትምህርት ቤቶች እንዲደርስና እንዲወዳደሩበት በተደረገ ጊዜ ፍጆታቸው ከ15 እስከ 26 በመቶ እንደቀነሰ ጥናቱ አሳይቷል። የተፈራው ዜሮ ቀንም ሳይደርስ ቀረ፤ ለዚህ የሕዝቡ ቁጠባና በኋላ የጣለው ዝናብ አስተዋጽኦ አድርገዋል።

የ«አለ» እና የ«የለም» መረጃ ወሰን

የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጡት ዘገባ በ2016 ከዓለም ትምህርት ቤቶች መሠረታዊ የመጠጥ ውኃ አገልግሎት የነበራቸው 69 በመቶ ነበሩ። በአገራችንም የትምህርት ሚኒስቴር ዓመታዊ የትምህርት ስታቲስቲክስ የትምህርት ቤቶችን የውኃና የኤሌክትሪክ አቅርቦት ይመዘግባል። ይህ ዓይነቱ መረጃ የት ምን እንደጎደለ ለማወቅ አስፈላጊ ነው። ነገር ግን ቧንቧ ያለው ትምህርት ቤት ሁሉ ውኃ አለው ማለት አይደለም። በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ የሚመጣለትና ዘወትር የሚያገኘው በመዝገቡ ላይ እኩል «አለ» ተብለው ይሰፍራሉ፤ በድርቅ ቀን ግን ዕጣቸው እኩል አይሆንም።

ማጠቃለያ

ከላይ ከተመለከቱት ምሳሌዎች ሦስት ነጥቦች ይገኛሉ። አንደኛ፣ መዝገብ መያዝ ያለበት ችግር ከመድረሱ በፊት ነው። ሁለተኛ፣ የገባውና የወጣው መነጻጸር አለበት። ሦስተኛ፣ መረጃው ወደ ላይ ብቻ ሳይሆን ወደ ሰጪው ትምህርት ቤትም መመለስ ይገባዋል። ለዚህ ውድ መሣሪያ የግድ አያስፈልግም። ቆጣሪ ያለው ትምህርት ቤት ማታ ሲዘጋና ጠዋት ሲከፈት ቁጥሩን ቢያነብ የሌሊቱን ብክነት ያውቃል። ቆጣሪ የሌለው ደግሞ ማጠራቀሚያው የተሞላበትን ጊዜ ወይም የተቀዳውን ጀሪካን ቆጥሮ፣ መብራት የጠፋበትንም ሰዓት ሊመዘግብ ይችላል። ሥራው በሒሳብ ትምህርት ውስጥ ቢካተት ተማሪዎች አማካይና መቶኛን ከራሳቸው ግቢ በተገኘ ቁጥር ይማራሉ፤ ዕቅድ አውጪውም ከግምት የሚያወጣው መረጃ ያገኛል።