ከነጋሪት እስከ ማስታወቂያ ሰሌዳ፦ ትምህርት ቤትና ማኅበረሰቡ በአራዳ



በዛሬው ንግግሬ የማነሣው ጥያቄ ቀላል መስሎ የሚታይ ነው። ትምህርት ቤት በዙሪያው ለሚኖረው ሕዝብ ወሬውን የሚያደርሰው እንዴት ነው? ሕዝቡስ የሚመልሰው መልስ ወደ ትምህርት ቤቱ የሚደርሰው በምን መንገድ ነው? ለዚህ ጥያቄ ከአራዳና ከፒያሳ የተሻለ መመልከቻ አላገኘሁም። የዘመናዊ ትምህርት ታሪካችን በብዙ መልኩ የዚህ ሰፈር ታሪክ ነውና።

በመጀመሪያ የነበረው አዋጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1906 ዳግማዊ ምኒልክ ወንድም ሆነ ሴት፣ ስድስት ዓመት የሞላው ልጅ ሁሉ እንዲማር አዘዙ። ልጁን ከትምህርት የከለከለ ወላጅ ሲሞት ንብረቱ ለልጁ ሳይሆን ለመንግሥት እንደሚተላለፍም ተደነገገ። በዚያ ዘመን አዋጅ የሚነገረው ሕዝብ በሚሰበሰብበት በገበያ ቦታ ሲሆን፣ የከተማዋ ዋነኛ ገበያ ደግሞ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አቅራቢያ የነበረው የአራዳ ገበያ ነው። ነጋሪት ይጎሰማል፤ ሰዉ ጆሮውን ያቀናል፤ ከዚያም «የሰማህ ላልሰማ አሰማ» ይባላል። ይህችን አነጋገር ልብ በሏት። አዋጁ በአደባባይ ከተነገረ በኋላ የማዳረሱ ሸክም የሚወድቀው በሰሚው ላይ ነው። ነጋዴው ወደ መንደሩ፣ ገበያተኛዋ ወደ ጎረቤቷ፣ ሎሌው ወደ ጌታው ቤት ይዞት ይሄዳል። ነገር ግን መልስ የሚመጣበት መንገድ በአዋጁ ውስጥ አልነበረም።

መልሱ ግን መምጣቱ አልቀረም። ከካህናቱና ከመኳንንቱ ወገን ብዙዎች ዘመናዊው ትምህርት የልጆቹን ሃይማኖት ይለውጣል ብለው ሰጉ። እ.ኤ.አ. በ1908 የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ሲከፈት መምህራኑ ከግብፅ የመጡ ኮፕቶች፣ የትምህርት ቤቱ ኃላፊም ሐና ሳሊብ የሆኑት በዚህ ምክንያት ነው። የእስክንድርያ መንበር ልጆች በመሆናቸው ሕዝቡ በእምነት አይጠረጥራቸውም ነበር። በእኔ አመለካከት፣ ትምህርት ቤቱ ለማኅበረሰቡ የላከው የመጀመሪያው እውነተኛ መልእክት ይህ የመምህራን ምርጫ ነው። አዋጁ ትእዛዝ ነበር፤ የመምህራኑ ምርጫ ግን ለሕዝቡ ሥጋት የተሰጠ ምላሽ ነበር።

ሁለተኛው ምዕራፍ የኅትመት ነው። በ1917 ዓ.ም. ሁለት ነገሮች በአንድ ዓመት ተገጣጠሙ፤ «ብርሃንና ሰላም» ጋዜጣ መታተም ጀመረ፣ የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤትም ተመረቀ። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ በምረቃው ዕለት ባሰሙት ንግግር ሌሎች መኳንንትም ትምህርት ቤት እንዲያቋቁሙ አሳሰቡ። ከእንግዲህ የትምህርት ነገር በጽሑፍ ተመዝግቦ ከእጅ ወደ እጅ የሚተላለፍ፣ ተመልሶም የሚነበብ ሆነ። ይሁን እንጂ ጋዜጣው የሚናገረው ማንበብ ለሚችለው ብቻ ነው። ልጁን ለመላክ የሚያመነታው ወላጅ ግን አብዛኛውን ጊዜ ማንበብ የማይችለው ነበር።

አሁን ወደ ንግግሬ ዋና ጉዳይ ልምጣ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ መንግሥት የአገሪቱን ትምህርት ከሥር መሠረቱ የሚመረምር ታላቅ ጥናት አስጠና። ይህም በተለምዶ «ሴክተር ሪቪው» የምንለው ነው። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች፣ የዩኒቨርሲቲ ምሁራንና የውጭ አማካሪዎች ተሳተፉበት። ጥናቱ ካነሣቸው ሐሳቦች አንዱ ለብዙኃኑ ልጆች የአራት ዓመት መሠረታዊ ትምህርት ማዳረስ ነበር። በጎ ሐሳብ አልነበረበትም ለማለት አልደፍርም፤ ከትምህርት ገበታ ውጭ የነበረውን የገጠር ልጅ አስቦ ነበርና። ነገር ግን ጥናቱ ተጠናቅቆ ሳለ ዝርዝሩ ለረጅም ጊዜ ከሕዝብ ተሰውሮ ቆየ። መምህሩ የራሱን ዕጣ፣ ወላጁም የልጁን ዕጣ የሰማው ከአሉባልታ ነው። ወሬው ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፍ ትርጉሙ አንድ ሆነ፤ የድኻ ልጅ ከአራተኛ ክፍል አያልፍም።

የካቲት 11 ቀን 1966 ዓ.ም. መምህራን ሥራ አቆሙ። በዚያው ዕለት የታክሲ ነጂዎችም በነዳጅ ዋጋ ምክንያት አድማ መቱ። መንግሥት የጥናቱን ተፈጻሚነት ለማዘግየት ተገደደ፤ በዚያው የካቲት ወር የአክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ ሥልጣን ለቀቀ። አብዮቱን የወለደው ሴክተር ሪቪው ብቻ ነው ማለት ስሕተት ነው፤ የወሎ ረኃብ፣ የኑሮ ውድነትና የሠራዊቱ ብሶት ነበሩ። ሆኖም አንድ ትምህርት ግልጽ ነው። ባለቤቱ ሳይነገረው የተወሰነ ጉዳይ በአሉባልታ ይነገረዋል፤ አሉባልታን ደግሞ በኋላ በወጣ መግለጫ ማረም አይቻልም።

ከዚያ ወዲህ ያለውን በአጭሩ ላሳልፈው። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የትምህርት አስተዳደር ወደ ታች እንዲወርድና ማኅበረሰቡ እንዲሳተፍበት አወጀ። የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረትም በየትምህርት ቤቱ የተለመደ አካል ሆነ። መጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም. በኮቪድ ምክንያት ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ ሲወሰን፣ ወሬው በቴሌቪዥንና በስልክ በሰዓታት ውስጥ ተዳረሰ። ስማርት ስልክ የሌለው ቤት ግን የ1917ቱን ማንበብ የማይችል ወላጅ ዕጣ ደገመ።

በመጨረሻም በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማቱ ከዶሮ ማነቂያና ከአካባቢው የተነሡ ነዋሪዎች ወደ ሌሎች የከተማዋ ክፍሎች ተዛወሩ። ወላጁ በሌላ ክፍለ ከተማ ሲኖር በአራዳ ትምህርት ቤት በር ላይ የተለጠፈው ማስታወቂያ ማንን ያናግራል? የተበተነ ሰፈር «የሰማህ ላልሰማ አሰማ» የሚባባልበት ጎረቤት የለውም።

ለታሪክ ተማሪዎች አንድ አደራ አለኝ። በየትምህርት ቤቱ መዝገብ ቤት ለወላጆች የተጻፉ ደብዳቤዎች፣ የስብሰባ ቃለ ጉባኤዎችና ያረጁ ማስታወቂያዎች አሉ። ሕንፃ ሲታደስ መጀመሪያ የሚጣሉት እነዚህ ናቸው። ስታነቧቸው ትምህርት ቤቱ ምን አለ ብላችሁ ብቻ አትጠይቁ፤ ወላጁ ምን መለሰ፣ መልሱንስ ማን መዘገበው ብላችሁ ጠይቁ።