ቢጫ ወባ በኦሞ ሸለቆ

ታሪክ የነገሥታትና የጦርነት ብቻ አይደለም፤ በሽታም ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1962 በኦሞ ወንዝ አካባቢ የተነሣው ቢጫ ወባ 30,000 ያህል ሰው እንደ ፈጀ ይገመታል። በአፍሪካ ከተመዘገቡት የቢጫ ወባ ወረርሽኞች ሁሉ የከፋው ይህ ነው። ጉበትን ስለሚጎዳ የበሽተኛው ዓይን ቢጫ ይሆናል፤ ስለዚህ ከወፍ በሽታ ጋር በቀላሉ ይምታታል።

በአዲስ አበባ የነበረው የፓስተር ኢንስቲትዩት ተመራማሪዎች፥ ሴሪዬ፥ አንድራልና ባልደረቦቻቸው፥ ወደ ስፍራው ሄደው የሰውን ደም መረመሩ፥ ትንኞችንም አጠኑ። ከአስተላላፊዎቹ አንዷ ትንኝ የምትራባው የእንሰት ቅጠል ከግንዱ በሚጋጠምበት፥ የዝናብ ውሃ በሚጠራቀምበት ስፍራ ነው። እነሆ፥ በጂንካ ዙሪያ ገበሬው ለምግቡ የሚተክለው ተክል ለትንኟም ቤት ሆነ! ታዲያ እንሰቱን ነቅለን ምን እንብላ?

መከላከያው ክትባት ነው። ማክስ ታይለርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1937 አግኝተውት ነበር፤ ለኦሞ ሕዝብ ግን በጊዜው አልደረሰም። እ.ኤ.አ. በ2013 በሽታው በደቡብ ኦሞ እንደገና ሲረጋገጥ ግን ከ500,000 በላይ ሰው ለመከተብ በሰኔ ወር ዘመቻ ተጀመረ።

እንግዲህ ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ፥ ዕውቀት ብቻውን አያድንም፤ በጊዜው ከሕዝቡ ደጅ ሲደርስ ነው የሚያድነው። እርሱን ማድረስ የእኛ የተማሪዎች ዕዳ ነው።