እግረኛ፣ መልእክተኛ፣ ሯጭ፦ የሩጫ ታሪክ በአንኮበርና በደብረ ብርሃን ደጋ

በሰሜን ሸዋ ደጋ ሩጫ ለብዙ ዘመን ሥራ ነበር እንጂ ጨዋታ አልነበረም። ዛሬ «አማተር» የሚባለው፣ ማለትም ከክለብ ደመወዝ ሳይቆረጥለት በራሱ ጊዜና በራሱ ስንቅ የሚለማመደው ሯጭ፣ በአንኮበርና በደብረ ብርሃን መካከል ባለው ገላጣ ሜዳ ማለዳ ሲያልፍ ለተመልካች እንግዳ ነገር የሚመስለው ይህ የቆየ ታሪክ ስለሚዘነጋ ነው። የሯጩ የልምምድ ሳምንት በአብዛኛው ከውጭ የተቀዳ ሥርዓት ቢሆንም፣ የተዘረጋው ባዶ በሆነ ሳምንት ላይ ሳይሆን በእርሻ፣ በገበያ፣ በጾምና በበዓል ቀድሞ ተሸንሽኖ በኖረ ሳምንት ላይ ነው፤ የአካባቢው ሩጫ ታሪክም በዋናነት የእነዚህ የሁለቱ ሳምንታት መገናኘት ታሪክ ነው። (ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።)

አንኮበር ከባሕር ወለል በላይ 2,465 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ፣ ደጋው ተሰብሮ ወደ አፋር ቆላ በሚወርድበት የገደል አፋፍ የተቀመጠች ስትሆን፣ ወደ ሰሜን ምዕራብ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ማለትም ከማራቶን ርቀት እምብዛም በማይጎድል መንገድ ላይ፣ 2,800 ሜትር ያህል ከፍታ ያላት ደብረ ብርሃን ትገኛለች። እስከ 1840 ዓ.ም. ድረስ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሸዋን የገዙት ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ አንድ ቦታ ተቀምጠው የሚያስተዳድሩ ንጉሥ አልነበሩም፤ ቤተ መንግሥታቸው በአንኮበር፣ በአንጎለላና በደብረ ብርሃን መካከል እንደ ወቅቱ ይዘዋወር ነበር። ግምጃ ቤቱ በአንዱ፣ ሠራዊቱ በሌላው፣ ንጉሡ ደግሞ በሦስተኛው ስፍራ በሚሆኑበት ጊዜ እነዚህን ሁሉ አያይዞ የሚያቆየው የሰው እግርና የበቅሎ ኮቴ ነበር፤ ገደሉና ጭቃው በቅሎን በሚያዘገይበት ቦታም የሰው እግር ይቀድማል።

ይህ ጥገኝነት ከሁሉ ይልቅ ጎልቶ የሚታየው በአንኮበር ቁልቁል፣ በንግዱ በር ነው። ከታጁራ ወደብ የሚመጣው ቅፍለት፣ ማለትም በግመል ጭኖ ተያይዞ የሚጓዘው የነጋዴ ጓድ፣ በፋሬ ኬላ ቀረጥ ከከፈለ በኋላ የዓርብ ገበያ ወደሚቆምባት ወደ አልዩ አምባ ይወጣል፤ ከዚያ ወደ አንኮበር የሚያወጣው አቀበት ግን ያለ ንጉሡ ፈቃድ አይከፈትም ነበር። በ1833 ዓ.ም. ክረምት በካፒቴን ዊልያም ኮርንዋሊስ ሃሪስ የተመራው የእንግሊዝ መንግሥት ጓድ ከታጁራ ተነሥቶ እዚያ ሲደርስ እንደማንኛውም እንግዳ ቆሞ ፈቃድ መጠበቅ ግድ ሆኖበታል፤ በኅዳር 1834 ዓ.ም. የተፈረመው የወዳጅነትና የንግድ ውልም ቢሆን ከመፈረሙ በፊትና በኋላ የጠየቀው የደብዳቤ ምልልስ ሁሉ በዚያው አቀበት ነው ያለፈው። የታሪክ መጻሕፍት ውሉን የፈረሙትን ሰዎች ስም በጥንቃቄ ሲያስቀምጡ፣ ወረቀቱን ተሸክመው ገደሉን የወጡትን ግን «መልእክተኛ» ብለው ብቻ ያልፏቸዋል፤ ይህ ዝምታ ትልቅ ጉድለት ነው፤ የእነዚያ ሰዎች እግር ባይኖር ውሉም ባልኖረ ነበርና።

የመልእክተኛው ዋና መሣሪያ ዱላ ነበር። የዱላው ጫፍ በቢላ ይሰነጠቅና የታጠፈው ደብዳቤ በስንጥቁ ውስጥ ይገባል፤ እንዳይወድቅም ከላይ በክር ይታሰራል። ይህ ዘዴ ወረቀቱ በእጅ ላብ እንዳይበላሽ፣ በወንዝ መሻገሪያም ከፍ አድርጎ ለመያዝ እንዲመች ያደርጋል፤ ከዚህ በላይ ግን ደብዳቤው ከሩቅ ስለሚታይ ያዡ የጌታ ሰው መሆኑን ያስታውቃል። ስንቁ በሶ ነው፤ ገብስ ተቆልቶ፣ ተፈጭቶ፣ በትንሽ ጨው በውኃ ተለውሶ የሚበላ፣ እሳት የማይፈልግ፣ በስልቻ ውስጥ ብዙ ቀን የሚቆይ ምግብ። አንኮበርን የከበበው ደጋ የገብስ አገር በመሆኑ ስንቁ ከየቤቱ ጓዳ አይጠፋም። ዛሬ ሯጮች ከልምምድ በኋላ በሶ በጥብጠው ሲጠጡ፣ የአንድ ቡድን አባላት እየተቀባበሉ የሚሮጡትን ውድድር ደግሞ «ዱላ ቅብብል» ብለው ሲጠሩ፣ ስያሜው ከመልእክተኛው ዱላ መጣ ማለት ባይሆንም፣ ሁለቱም ነገሮች ለዚህ አገር ሰው ጆሮና አፍ ባዕድ እንዳልሆኑ ይታያል።

ፍጥነት ሽልማት ነበረው። «የምሥራች!» ብሎ የሚገባው ሰው «ምስር ብላ!» ተብሎ ይመለስለታል፤ የድል ወይም የልደት ወሬ ሲሆን ደግሞ ቀድሞ ለደረሰው አብሳሪ ስጦታ መስጠት የተለመደ ነው። ሁለተኛ ለደረሰ ሰው ወሬው ወሬ መሆኑ ስለሚቀር፣ በዚህ ልማድ ውስጥ ውድድር ተሸሽጎ ይኖራል፤ ሜዳ ያልተለካለት፣ ሰዓት ያልተያዘለት፣ ግን መጀመሪያ መድረስና ኋላ መቅረት በግልጽ የሚለይበት ውድድር።

ይህ ሙያ በአንድ ቀን አልጠፋም። ዳግማዊ ምኒልክ መዲናቸውን ከአንኮበር ወደ እንጦጦ፣ ኋላም በ1879 ዓ.ም. ወደተቆረቆረችው አዲስ አበባ ሲያዛውሩ የአንኮበር መንገድ ጭር አለ፤ በ1886 ዓ.ም. የፖስታ አገልግሎት በአዋጅ ሲቋቋም፣ ቀጥሎም ስልክ ሲዘረጋ የመልእክተኛው እግር ቀስ በቀስ ተፈላጊነቱን አጣ። ሩጫው ከሥራነቱ ሲወጣ ወዲያው ስፖርት አልሆነም፤ በመካከል ያለው ግማሽ ምዕተ ዓመት፣ ከገና ጨዋታ በቀር፣ ለእግር ብርታት የተለየ መድረክ ያልነበረበት ጊዜ ነው።

መድረኩን ያመጣው ወታደር ቤት ነው። የኢትዮጵያ አትሌቲክስ ፌዴሬሽን በ1941 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ አገሪቱ በ1949 ዓ.ም. በሜልቦርን ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ ተሳተፈች፤ ሯጮቹንም በአብዛኛው ያፈራው ክብር ዘበኛ፣ ማለትም የንጉሠ ነገሥቱ ልዩ ጠባቂ ጦር ነበር። በሰሜን ሸዋ ጃቶ በተባለ መንደር የተወለደው አበበ ቢቂላ ወደ አዲስ አበባ መጥቶ የገባው በዚህ ጦር ነው፤ በስዊድናዊው አሠልጣኝ በኦኒ ኒስካነን እጅ ከሰለጠነ በኋላ ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በሮም ጎዳና በባዶ እግሩ ሮጦ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ አሸነፈ፣ በጥቅምት 1957 ዓ.ም. ደግሞ በቶኪዮ ደገመው። በዚያ ዘመን የኦሊምፒክ ሕግ ከሩጫ ገንዘብ ያገኘን ሰው ስለማይቀበል አበበ በሕግ አማተር ነበር፤ የሚለማመድበትን ጊዜ፣ ቀለብና ማደሪያ የሰጠው ግን የወታደር ደመወዙ ነው። ስለዚህ በኢትዮጵያ የመጀመሪያው አማተር በትርፍ ሰዓቱ የሚሮጥ ሰው ሳይሆን ጦሩ ጊዜ የሰጠው ወታደር ነበር፤ በአንኮበር ገደል ላይ ያለው ገበሬ የእርሱ ያህል እግር ቢኖረውም የእርሱ ያህል ጊዜ አልነበረውም። አበበ በመጋቢት 1961 ዓ.ም. በመኪና አደጋ ዳግመኛ እንዳይራመድ ሆኖ የቀረው ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ብርሃን በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ሸኖ አጠገብ መሆኑ ለዚህ አገር ሰው ዛሬም ድረስ የሚቆጠቁጥ ነገር ነው። ከአራት ዓመት ተኩል ገደማ በኋላ፣ በጥቅምት 1966 ዓ.ም. ዐረፈ።

ከእርሱ በኋላ በዚሁ መንገድ ዳር የወጣችው ጌጤ ዋሚ ናት። የትውልድ ስፍራዋ ጫጫ የሣህለ ሥላሴ ቤተ መንግሥት ከነበረበት ከአንጎለላ አጠገብ ናት። በ1988 ዓ.ም. በአትላንታ ኦሊምፒክ በ10,000 ሜትር ነሐስ አገኘች፣ በ1991 ዓ.ም. በሴቪያ በዚያው ርቀት በ30 ደቂቃ ከ24 ሴኮንድ የዓለም ሻምፒዮን ሆነች፣ በመስከረም 1999 እና በመስከረም 2000 ዓ.ም. የበርሊንን ማራቶን በተከታታይ አሸነፈች። በዛሬው የደብረ ብርሃን ሜዳ ላይ ሴት ልጅ ስትሮጥ ማንም ቆሞ «ወዴት ነው?» ብሎ አለመጠየቁ የእርሷና የመሰሎቿ ውለታ ነው።

በክለብ ያልታቀፈው ሯጭ የሚከተለው ሳምንት በአመዛኙ በአዲስ አበባ ክለቦች የጸናው ነው። ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ከባድ ቀናት ናቸው፤ በአንዱ ቀን ረጅም ሩጫ በአስፋልት ወይም በኮሮኮንች፣ ማለትም በጠጠር መንገድ፣ በሌላው የዳገት ሥራ፣ በሦስተኛው የፍጥነት ልምምድ ይሠራል። ከፍጥነቱ ልምምድ አንዱ ፋርትሌክ ሲሆን፣ ቃሉ ስዊድንኛ ሆኖ «የፍጥነት ጨዋታ» ማለት ነው፤ በአንድ ሩጫ ውስጥ ፈጣኑንና ዘገምተኛውን እየቀያየሩ መሄድ ነው። በመካከሉ ያሉት ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ ሰውነት የሚፍታታባቸው የቀላል ሩጫ ቀናት ናቸው፤ እሑድ ዕረፍትና ቅዳሴ ነው። በ2,800 ሜትር የአየር ግፊቱ ከባሕር ጠረፉ በ30 በመቶ ገደማ ስለሚያንስ ቀላል የተባለው ሩጫ እንኳ በእውነት ቀስ ብሎ መሮጥን ይጠይቃል፤ ወጣት ሯጮች ከሁሉ ዘግይተው የሚማሩትም ይህንኑ ነው። በጥቅምትና በኅዳር የደብረ ብርሃን ውርጭ ሣሩን ነጭ አድርጎ ስለሚያሳድር ልምድ ያለው ሯጭ ፀሐይ ሳትወጣ አይነሣም፤ ክረምት ሲገባ ደግሞ መረሬው፣ ጥቁሩ ጭቃ አፈር፣ ከጫማ ሥር እየተጣበቀ እርምጃውን ሁሉ ስለሚያከብደው ሯጩ ሜዳውን ትቶ ወደ ኮሮኮንቹ ይወጣል።

ይህ ሳምንት በቤተ ክርስቲያኑ ሳምንት ላይ ሲያርፍ አንድ ከባድ ግጭት ይፈጠራል፤ ከሦስቱ ከባድ ቀናት ሁለቱ፣ ረቡዕና ዓርብ፣ የጾም ቀናት ናቸው። ጾሙን በሥርዓቱ የሚጠብቅ ሰው እስከ ቀኑ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውኃ ስለማይቀምስ፣ ማለዳ 25 ኪሎ ሜትር ሮጦ በሶውን የሚበጠብጠው ከሰዓታት በኋላ ነው፤ ሥጋና ወተትም በዚያ ቀን የለም። ከትንሣኤ በኋላ ባለው በዓለ ሃምሳ ብቻ፣ ረቡዕና ዓርብ በማይጾሙባቸው ሳምንታት፣ ልምምዱና ማዕዱ ይገናኛሉ፤ ወቅቱ ግን የበልግ እርሻ ጊዜ ስለሆነ ገበሬው ሯጭ ያኔ ደግሞ ጊዜ ያጣል። በሌላ በኩል በሬ የማይጠመድባቸው በዓላት፣ ሚካኤል፣ ማርያም፣ መድኃኔ ዓለም፣ ከቅዳሴ መልስ ያለውን ሰዓት ለእግር ነጻ ያደርጉታል። ለአሠልጣኝ ሠንጠረዥ የጾሙ ሥርዓት እንቅፋት ቢመስልም፣ አንዳንዱን ጊዜ ቀለል አድርጎ መሥራት ግድ ስለሚል ሰውነትን ከመሰበር የሚያድን ሆኖ ይገኛል።

የአካባቢው ውድድር ከዚህ ሁሉ ቀጥሎ ይመጣል። መሰላሉ ከትምህርት ቤትና ከቀበሌ ተነሥቶ ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ዞን፣ ከዞን ወደ ክልል ይወጣል፤ ደብረ ብርሃን ያለው የአትሌቲክስ ማሠልጠኛ ማዕከልም ተስፋ ያላቸውን ወጣቶች ይመለምላል። በኅዳር 1994 ዓ.ም. በሯጩ በኃይሌ ገብረ ሥላሴ መሪነት የተጀመረው ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ ብዙ ሺህ ሰው በአንድ ጎዳና ላይ ለደስታው እንዲሮጥ ስላደረገ፣ ያለ ሽልማት ተስፋ መሮጥ ሞኝነት አለመሆኑ ያኔ በገሃድ ታየ። በወረዳ ውድድር ግን መነሻው በኖራ የተሰመረ መሥመር ነው፤ አስጀማሪው ፊሽካ ይነፋል፤ ቁጥሩ በመርፌ ቁልፍ ደረት ላይ ይሰካል። ርቀቱ በትክክል ያልተለካና ዳገት የበዛበት በመሆኑ የሚነገረው ሰዓት ሳይሆን ደረጃ ነው፤ የዚህ አገር ተመልካችም «በስንት ገባ?» ሳይሆን «ስንተኛ ወጣ?» ብሎ ይጠይቃል። የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሯጮች ስም በወረቀት ላይ ተጽፎ፣ ማኅተም ተመትቶበት፣ በቡድን መሪው እጅ ከአንኮበር ወደ ደብረ ብርሃን ለዞኑ ማጣሪያ ይላካል።