የዓለም ከተማው አምበርና የጉንዳኗ ዕድሜ

በኢትዮጵያ ቆላማ አገሮች የእጣን ዛፍ ልጥ እየፋቀ የሚኖር ሠራተኛ፣ ከቁስሉ የሚንጠባጠበው ሙጫ ትንኝ ወይም ጉንዳን ይዞ ሲደርቅ ማየቱ እንግዳ ነገር አይሆንበትም። እጣን በመልቀም የሚተዳደሩ ሴቶችም ይህን የመሰለውን ከጉድፉ ጋር ለይተው ይጥሉታል። የሳይንስ ሊቃውንት ግን ለሚሊዮኖች ዓመታት ተቀብሮ ድንጋይ የመሰለ ሙጫ ሲያገኙ አብልጠው የሚፈልጉት ያንኑ ጉድፍ ነው።

ይህ የጠጠረ ሙጫ አምበር ይባላል። ዛፉ ሙጫውን የሚያፈሰው ቁስሉን ለመድፈን ነው። የተጣበቀችውን ትንኝ ሌላ ፍሳሽ ደርቦ ይሸፍናታል፤ ሙጫው በጎርፍ ተወስዶ በደለል ውስጥ ሲቀበር ተናኝ የሆነው ክፍሉ ቀስ በቀስ ይለቅና ቀሪው እርስ በርሱ ተሳስሮ ይጠነክራል። በደለል ብቻ የተቀበረች ትንኝ አብዛኛውን ጊዜ ተጨፍልቃ የክንፏ አሻራ ብቻ ይቀራል፤ በአምበር ውስጥ ያለችው ግን የእግሯ ፀጉር ሳይቀር ይታያል።

የጥንት ግሪኮች አምበርን ኤሌክትሮን ይሉት ነበር። ሲታሽ ገለባ የሚስብ በመሆኑ ኤሌክትሪክ የሚለው ቃል ከዚሁ ወጣ። ሮማዊው ፕሊኒ በአንደኛው መቶ ዓመት ከዛፍ የመነጨ መሆኑን ጽፏል። ይህን የሚክዱ በመነሣታቸው ሩሲያዊው ሊቅ ሎሞኖሶቭ እ.ኤ.አ. በ1763 ባሳተመው ሥራው በውስጡ ያሉትን ነፍሳት ምስክር አድርጎ ተከራክሯል። ከዚያም ወዲህ ምርምሩ በአብዛኛው በባልቲክ ባሕር ዳርቻ አምበር ላይ ሲያተኩር፣ አፍሪካ ለረጅም ጊዜ ሳይነሣ ቆየ።

በሰሜን ሸዋ፣ በዓለም ከተማ አካባቢ የተገኘው አምበር ለዓለም ሊቃውንት የተገለጸው እ.ኤ.አ. በ2010 ነው። በጀርመናዊው አሌክሳንደር ሽሚት የተመራው የተመራማሪዎች ቡድን፣ በአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚ መጽሔት ባወጣው ጽሑፍ፣ ሸረሪትን ጨምሮ 30 ያህል ደቃቅ እንስሳት በውስጡ መገኘታቸውንና ዕድሜውም 95 ሚሊዮን ዓመት ገደማ መሆኑን አስታወቀ። ይህም ዳይኖሰሮች የነበሩበት ዘመን ነው። ከመካከላቸው አንዲት ጉንዳን ነበረች። ዕድሜዋ እንደተባለው ከሆነ በዓለም ከሚታወቁት እጅግ ጥንታዊ ጉንዳኖች መካከል ትመደባለች፤ በመሆኑም የጉንዳን ዘር የተነሣው በሰሜኑ የምድር ክፍል ነው የሚለው ግምት ጥያቄ ላይ ወደቀ።

ደስታው ግን አልዘለቀም። ነፍሳቱ ይበልጥ ሲመረመሩ ዛሬ በሕይወት ካሉት ወገኖች ጋር መመሳሰላቸው ጥርጣሬ አሳደረ፤ በደለሉ ውስጥ ያለው የአበባ ብናኝም እንደገና ተጠና። ውጤቱ የአምበሩን ዕድሜ ወደ 16 እና 23 ሚሊዮን ዓመት መካከል አወረደው። ሰባ ሚሊዮን ያህል ዓመት በአንድ ጊዜ ተቀነሰ ማለት ነው! ይህ ግን የሚያሳፍር አይደለም። በዚያ ዘመን በአፍሪካ ስለኖሩት ነፍሳት የተረፈው ማስረጃ በጣም ጥቂት በመሆኑ፣ የዓለም ከተማው አምበር ክብረ ወሰኑን ቢያጣም ዋጋውን አላጣም።

ይልቅስ የሚያሳስበው ሌላ ነው። አምበር በራሱ ዕድሜውን አይናገርም፤ ዕድሜው የሚታወቀው ከተቆፈረበት የደለል ንብርብርና አብረውት ከተቀበሩት ነገሮች ነው። ከየትኛው ጉድጓድ፣ ከስንት ክንድ ጥልቀት እንደወጣ ሳይመዘገብ በገበያ የተሸጠ ቁራጭ፣ ምንም ያህል ያማረ ነፍሳት ቢይዝ፣ ከምስክርነቱ እኩሌታውን አጥቷል። የኢትዮጵያ አምበር ደግሞ ለጌጥም ለስብስብም እየተሸጠ ከአገር ይወጣል።

እ.ኤ.አ. በ2022 የጀርመን ተመራማሪዎች 13 ጉንዳኖች በአንድነት የታሰሩበትን አንድ የኢትዮጵያ አምበር ቁራጭ በሃምቡርግ በሚገኘው ግዙፍ መሣሪያ ብርቱ ጨረር መረመሩ። ቁራጩ ሳይሰበር የእያንዳንዷ ቅርጽ በሦስት ገጽታ ወጣ፤ ከዚህ በፊት የማይታወቅ ወገን ሆኖም ተገኘ። ስሙንም ዴሲዮፖኔ ሄሬኦን አሉት። ዴሲ እና ሄሬኦን ለምርመራው የረዱ ሁለት የጀርመን ተቋማት አጠራር ናቸው፤ ዴሲ የሚለውም ሲተነተን ኤሌክትሮን የሚለውን የግሪኮቹን የአምበር ስም በውስጡ ይዟል። የተቆፈረበት አገር ስም ግን በጉንዳኗ መጠሪያ ውስጥ አልገባም።