አባ ጎርጎርዮስ በጎታ

ከደልጊ በስተምሥራቅ፣ በጣና ሰሜናዊ ዳርቻ፣ በድንጋይና በኖራ የተሠራው የጎርጎራ ሕንፃ ፍርስራሽ ይገኛል። ሥፍራው በ17ኛው መቶ ዓመት ከኢየሱሳውያን ሚሲዮን ዋና ዋና መቀመጫዎች አንዱ ነበር። ዐፄ ፋሲለደስ ሚሲዮናውያኑን ከአገር ባስወጡ ጊዜ፣ ከእነርሱ ጋር የወገኑ አንዳንድ ኢትዮጵያውያንም ተሰደዱ። ከእነዚህም አንዱ የመካነ ሥላሴው ተወላጅ አባ ጎርጎርዮስ ነበሩ።

እ.ኤ.አ. በ1649 ጀርመናዊው ወጣት ሂዮብ ሉዶልፍ ሮም በሚገኘው የኢትዮጵያውያን መነኮሳት ማረፊያ አገኛቸው። ሉዶልፍ ግእዝን የተማረው ከመጻሕፍት ነበር፤ አማርኛን ግን ከእርሳቸው አፍ ተማረ። በኋላም በጎታው መስፍን በኤርንስት ዘንድ ሲያገለግል፣ አባ ጎርጎርዮስ እንዲጋበዙ አደረገ። ዛሬ ምሁራን ወደ ውጭ አገር ተጋብዘው ለመቆየት ራሳቸው የሚጽፉትን ማመልከቻ፣ ያን ጊዜ ወዳጅ ስለ ወዳጁ አቀረበ ማለት ይቻላል።

መስፍኑ የፍሪደንሽታይንን ቤተ መንግሥት በማሠራት ላይ ሳለ፣ በ1652 እንግዳው ደረሱ። ስለ አገራቸው ሃይማኖትና ልማድ ተጠየቁ፤ መለሱም። ጥያቄው ከመስተንግዶ ይልቅ ለፈተና ሳይቀርብ አልቀረም። የቆዩት ጥቂት ወራት ብቻ ቢሆንም፣ ከሉዶልፍ ጋር መጻጻፋቸው ቀጠለ።

በ1658 ወደ አገራቸው ለመመለስ በባሕር ሲጓዙ መርከባቸው ተሰብሮ ሞቱ። የግእዙ መዝገበ ቃላት በ1661፣ የአማርኛው ሰዋስው በ1698 ታተመ። ሁለቱም የሚጠሩት በሉዶልፍ ስም ነው፤ ያለ መምህሩ ግን የአማርኛው ባልተጻፈ ነበር። ደቀ መዝሙሩ ውለታውን አልካደም፤ በ1691 ባሳተመው መጽሐፍ የአባ ጎርጎርዮስን ምስል አውጥቶአል።