ባሕሩ ነው ወይስ መሣሪያው?
የ1976ቱ የቀይ ባሕር ፈንጂ ፍለጋ

ሐምሌ 2 ቀን 1976 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጁላይ 9 ቀን 1984) ክኑድ የስፐርሰን የምትባል የሶቭየት ኅብረት የጭነት መርከብ በስዊዝ ባሕረ ሰላጤ ስታልፍ ከበታችዋ በተነሣ ፍንዳታ ተመታች። በዚያው ክረምት ከስዊዝ እስከ ባብ ኤል መንደብ ድረስ ወደ 20 የሚጠጉ የልዩ ልዩ አገሮች መርከቦች ተመሳሳይ ጉዳት ደረሰባቸው። አንዳቸውም ባይሰጥሙም የባሕሩ መንገድ ሁሉ ተጠርጣሪ ሆነ።

ነገሩ እኛንም ይመለከት ነበር። ዋናው ጥርጣሬ ያረፈው ጋት በተባለች የሊቢያ መርከብ ላይ ሲሆን፣ ይህች መርከብ ሰኔ 29 ቀን የስዊዝን ቦይ ስታቋርጥ መድረሻዬ ብላ ያስመዘገበችው ያን ጊዜ የአገራችን ዋና ወደብ የነበረውን አሰብን ነው። ደርሶ መልሱ በተለምዶ 8 ቀን ያህል ይወስዳል፤ ጋት ግን 15 ቀን ያህል ቆየች። በተረፉት ቀኖች ምን ስትሠራ ነበር? ጥያቄው በፍርድ ቤት ፊት ቀርቦ አልተፈታም።

በግብፅና በሳዑዲ ዐረቢያ ጥያቄ መሠረት የአሜሪካ፣ የእንግሊዝ፣ የፈረንሳይና የኢጣሊያ ባሕር ኃይሎች ለፍለጋው መጡ። ከሁሉ ይልቅ ትኩረታችንን የሚስበው የአሜሪካኖቹ ዘዴ ነው። ሄሊኮፕተሩ ከላይ እየበረረ፣ ዓሣ የሚመስል የሶናር መሣሪያ በረጅም ገመድ ውሃ ውስጥ ይጎትታል። መሣሪያው ወደ ግራና ወደ ቀኝ ድምፅ ይልካል፤ ከባሕሩ ወለል የተመለሰውን የገደል ማሚቶ ተቀብሎ በገመዱ ወደ ላይ ያስተላልፋል፤ እዚያም ሥዕል ይሆናል። ድምፅ በባሕር ውሃ ውስጥ በሴኮንድ 1,500 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ 75 ሜትር የራቀ ነገር ማሚቶው በአንድ ሴኮንድ አንድ ዐሥረኛ ውስጥ ይመለሳል። (የፊዚክስ መምህራን ይህን ስሌት ለክፍል ሊጠቀሙበት ይችላሉ።) ሐሳቡ ራሱ ከፈንጂ ፍለጋ የፈለቀ ነው፤ ጁሊየስ ሄግማን የተባለ የአሜሪካ ባሕር ኃይል ተመራማሪ በ1958 እ.ኤ.አ. ያቀረበው የፈጠራ መብት ማመልከቻ በምስጢር ተይዞ ቆይቶ የጸደቀው በ1980 እ.ኤ.አ. ነው።

አሁን በሄሊኮፕተሩ ውስጥ ሥዕሉን ከሚያየው ሰው ቦታ እንቀመጥ። ሥዕሉ ባዶ ሆነ እንበል። ባሕሩ ንጹሕ ነው ወይስ መሣሪያው ደንቁሯል? ሁለቱ አንድ ዓይነት ይመስላሉ። በእርሱ ቃል ግን ነገ ነዳጅ የጫነ መርከብ ሊያልፍ ነው።

ስለዚህ የሚጎተት ሶናር ባለሙያዎች ብልሽትን ከላይ ወደ ታች በየተራ ይፈልጋሉ፤ መጀመሪያ መቅረጫውን፣ ቀጥሎ ገመዱን፣ በመጨረሻም ዓሣውን። ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው መካከለኛው ነው። ገመዱ ይጎተታል፣ ይጠቀለላል፣ ይታጠፋል፤ በመሰኪያው በኩል ጥቂት የጨው ውሃ ከገባ ጨዋማ ውሃ ኤሌክትሪክ ስለሚያስተላልፍ ምልክቱ ይጠፋል ወይም በጩኸት ይዋጣል። ዓሣው ገና ከውሃ ውጭ ሳለ የሚደረግ ቀላል ሙከራም አለ፤ የድምፅ መቀበያውን ገጽ በእጅ ማሸት ነው። በዚያ ጎን ሥዕል ላይ ጭረት ከታየ ከመቀበያው እስከ መቅረጫው ያለው መንገድ ደኅና ነው ማለት ነው። ብዙ ሺህ ብር የሚያወጣ መሣሪያ በመዳፍ ሲፈተን ማየት ለእኛ ደስ ይላል።

መሣሪያው ጤነኛ ሆኖም ሥዕሉ ሊዋሽ ይችላል። ዓሣው ከተወዛወዘ ቀጥ ያለው ነገር እንደ እባብ ይጣመማል። የውሃው ሙቀት ከላይና ከታች ሲለያይ ደግሞ ድምፁ ወደ ቀዝቃዛው በኩል ስለሚታጠፍ በርቀት ያለው ነገር ሳይታይ ይቀራል። በበጋ የጋለው ቀይ ባሕር ለዚህ ዓይነተኛ ስፍራ ነው። በዚህ ላይ የስዊዝ ባሕረ ሰላጤ ወለል በርሜልና የጦርነት ስብርባሪ የሞላበት ስለሆነ፣ ፈንጂ የሚመስል ነገር በየቦታው ይታይ ነበር። እያንዳንዱን መርምሮ መለየት ብዙ ድካም ጠየቀ፤ አሜሪካኖቹም ፈንጂ አላገኙም።

ያገኙት እንግሊዞች ናቸው፤ ያውም በሚጎተት ሳይሆን በመርከብ አካል ላይ በተተከለ ሶናር። አዲስ አበባ የአብዮቱን 10ኛ ዓመት በምታከብርበት ሰሞን፣ በመስከረም 1977፣ ጠላቂዎቻቸው 3 ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ሲሊንደር ከባሕረ ሰላጤው ወለል ላይ አገኙ። በሶቭየት ኅብረት የተሠራ፣ ምዕራባውያን ከዚያ በፊት በእጃቸው ያላስገቡት ዓይነት ነበር።

የስዊዝ ቦይ በዚያ ክረምት አልተዘጋም። ሄሊኮፕተሮቹ ጎትተው ምንም አላየንም ባሉበት ውሃ ላይ መርከቦቹ ማለፋቸውን ቀጠሉ።